ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜ ማታ፦ ስለ ፈጣሪ መኖር የሚሟገቱባት ሻይ ቤት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ማታ የት ይኬዳል ለምትሉኝ ሰዎች አንድ ቦታ አግኝቻለሁ። ኳስ ማሳያ አይደለም፣ አረቄ ቤትም አይደለም። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለች ሻይ ቤት ናት። ቀን ቀን ሻይ፣ ቡናና አምባሻ ትሸጣለች፣ ጥግ ላይ ካለው መደርደሪያ ደግሞ መጽሐፍ ታከራያለች። ቅዳሜ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ግን ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ይደረደሩና ሙግት ይጀመራል። የሰሞኑ ርዕስ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው በራሱ ማሰብ፣ በምክንያት ብቻ፣ ፈጣሪ መኖሩን ሊደርስበት ይችላል ወይ? ይችላል የሚሉት በምን ያስረዳሉ? የለም የሚሉትስ ምን ይዘው ነው?

መግቢያው 50 ብር ነው፣ አንድ ሻይ አብሮ ይመጣል። የቤቱ ባለቤት ስማቸውም የቤቱም ስም ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ አይፈልጉም፣ ስለዚህ አልጽፈውም። ሰፈሩ ላይ ጠይቁ፣ ሁሉም ያውቃቸዋል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሂዱ። አማኝ ብትሆኑም ሂዱ፣ ባትሆኑም ሂዱ። እኔ አማኝ ነኝ፣ ይህንን ደብቄ ግምገማ ብጽፍ ትክክል አይሆንም። በዚህ ጉዳይ ላይ ሰው ሲነጋገር የምሰማው ወይ ቲክቶክ ላይ ሲሰዳደብ ነው፣ ወይ ደግሞ ልጅ ጥያቄ ሲያነሳ «ዝም በል፣ ይህ አይጠየቅም» ሲባል ነው። እዚህ ቤት ሁለቱም የለም፣ ለዚህም ምክንያቱ የቤቱ ሕግ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። ለአንድ ሰው መልስ ከመስጠትህ በፊት የእሱን ሐሳብ መልሰህ ትናገራለህ፣ እሱም «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ማለት አለበት። እስኪል ድረስ መልስ መስጠት አትችልም። ቀላል ይመስላል፣ ግን ሰዉ መጀመሪያ ላይ በጣም ይቸገራል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚያዳምጠው መልስ እያዘጋጀ ነው። በዚህ የማይቸገሩት አንድ የቅኔ መምህር ናቸው። ሁሉም የኔታ ነው የሚላቸው። አንድምታ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ አንዱን ቃል አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ በየወገኑ ማስረዳት ሥራቸው ነው። የከሓዲን ሙግት ከከሓዲው አስበልጠው ሲያስረዱ ሰምቼ ተገርሜያለሁ። አያቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ሙግት እንደ ክብር ይታይ ነበር ይባላል። የዚያ ነገር ቅሪት እዚህ ቤት አለ።

አንድ ምሽት አንድ የፊዚክስ ተማሪ ተነሳና «የኔታ፣ ሁሉም ነገር ምክንያት ያስፈልገዋል ካላችሁ ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?» አለ። እሳቸውም በሕጉ መሠረት ጥያቄውን እሱ ከጠየቀው በተሻለ አድርገው መልሰው ተናገሩለት። «አዎ» አለ። ከዚያ «ልጄ፣ ሁሉም ነገር ምክንያት አለው ያለው ማን ነው? እኔ አላልኩም» አሉት። ቤቱ ዝም አለ፤ አወያዩም ጊዜ ሰጥቶ ነገሩ እንዲብራራ አደረገ። የዚያን ማታ ውይይት በሰፊው ልጽፈው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

ከምክንያት የሚነሳውን ሙግት ያቀረቡት ትልልቅ ሰዎች አብዛኞቹ «ሁሉም ነገር ምክንያት አለው» ብለው አልጀመሩም። ከ980 እስከ 1037 እ.ኤ.አ. የኖረው ፈላስፋና ሐኪም ኢብን ሲና የተነሳው ከሌላ ቦታ ነው። ያሉ ነገሮች ባይኖሩም ይችሉ ነበር፤ እኔ ባልወለድ ይቻል ነበር፣ ይህ ሻይ ቤት ባይሠራ ይቻል ነበር። ባይኖር ይችል የነበረ ነገር ካለ ለምን እንዳለ ከራሱ ውጭ የሆነ ምክንያት ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ነገር ብቻውን የፈለገውን ያህል ቢደራረብ ለምን እንዳለ አይነግረንም፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሳይኖር ሊቀር የማይችል፣ መኖሩን ከማንም ያልተበደረ አንድ ነገር አለ ይላል። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የፈጣሪን መኖር ለማስረዳት ካስቀመጣቸው አምስት መንገዶች አንዱ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሌብኒዝ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ «ምንም ነገር ከሚጠፋ ይልቅ ለምን አንድ ነገር ኖረ?» ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ ወደ ኋላ ስንት ዓመት ተቆጠረ የሚለው ነገር ዋና አይደለም። ዓለም ዘላለማዊ ብትሆን እንኳ ጥያቄው አይጠፋም።

ሌላ ዓይነትም አለ። ከሸዋ ሮቢት የመጣ አንድ ሙስሊም ወጣት ያነሳው የእስልምናውን ሊቅ የጋዛሊን ሙግት ነው፤ ጋዛሊ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1111 ነው። መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ ያስጀመረው አለ፣ ዓለም መጀመሪያ አላት፣ ስለዚህ ያስጀመራት አለ። ይህ በጊዜ ላይ የተመሠረተ ነው፣ ስለዚህ ልጁ ወዲያው ወደ ቢግ ባንግና ወደ 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ሄደ። አወያዩ አንድ ጥሩ ነገር ተናገረ። ዓለም እየሰፋች መሆኑን ካሰሉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ዦርዥ ለሜትር የተባለ ቤልጅጋዊ የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ራሱ ግን ሳይንሳዊ ሐሳቡን የእምነት ማስረጃ ማድረግ አልወደደም። ልጁም ይህንን ሲሰማ ሙግቱን አልጣለም፣ ግን ጥንቃቄ ጨመረበት።

አሁን ተቃውሞው። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1779፣ ከሞተ በኋላ በታተመው ሥራው ውስጥ፣ እያንዳንዱን ክፍል ካብራራችሁ ጠቅላላውን ለብቻው ማብራራት ለምን ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ አስቀምጧል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ረስል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 ቢቢሲ ሬዲዮ ላይ ከካቶሊኩ ቄስ ከኮፕልስተን ጋር ሲከራከር ዓለም እንዲሁ አለች፣ በቃ አለ። እኔ የረስልን መልስ መልስ ብዬ አልቆጥረውም፤ ጥያቄውን አልቀበልም ማለት ነው። ግን ተማሪው የጨመረው ነገር ከባድ ነው፦ «እናንተም ፈጣሪ ጋ ስትደርሱ በቃ ትላላችሁ፣ እኔ ዓለም ጋ በቃ ብል ምን ልዩነት አለው?» አለ። የኔታ ልዩነቱን አስረዱ፤ ዓለም ባይኖርም ይችል የነበረ ነገር ስብስብ ነው፣ ማቆሚያው ግን እንዲያ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ተማሪው አልተስማማም። ስብስቡ ራሱ ግድ የሚኖር ቢሆንስ አለ። እዚያ ላይ ቆመ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ሙግቱ ቢያሸንፍ እንኳ የሚያደርሰን ወደ አንድ የመጀመሪያ ምክንያት እንጂ ጸሎት ወደሚሰማ አምላክ አይደለም አለ። ይህም እውነት ነው። በፍልስፍና ብቻ ከዚህ ወደዚያ የሚሄደው መንገድ ረጅም ነው።

ቤቱ ውስጥ ሳይነሳ የቀረ አንድ ነገር ልጨምር። እዚሁ አገራችን በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ በሚነገረው ሐተታ ውስጥ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለው ፈላስፋ ይህንኑ ይጠይቃል። ማን ፈጠረኝ? አባትና እናቴ። እነሱንስ? እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ሄዶ ወላጅ የሌላቸው የመጀመሪያዎቹ ጋ ሲደርስ ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖር አለበት ይላል። መጽሐፉን የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የነበረ ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፣ የፍልስፍና መምህሩ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ለረጅም ዘመን ተሟግቷል። ማንም ይጻፈው፣ ሙግቱ በራሱ መመዘን ይችላል። የቤቱ መደርደሪያ ላይ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፣ ሁልጊዜም ተከራይቶ ነው የሚገኘው። ሁለተኛ ቅጂ ግዙ ብዬአቸዋለሁ።

ከተማችንን የቆረቆሯት ደግሞ ሌላው ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱ። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው የማነሳው፤ በመካከላቸው ሁለት መቶ ዓመት ያህል አለ። የከተማዋ አመሠራረት ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ትልቅ ክርክር አስነስቷል፣ እኔም በጣም የወደድኩት ምሽት እሱ ነው። እንደሚታወቀው እዚህ ቦታ ላይ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡም የፈጣሪ ምልክት ነው ብለው እዚሁ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማ አቋቋሙ። አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ሃሌይ በ76 ዓመት ገደማ አንዴ የሚመለስ ኮከብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 መጥቶ ነበር፣ ቀጣዩ 2061 ነው።

አንድ ወጣት «እንግዲህ ኮከብ ከሆነ ምልክት የሚባል ነገር የለም» አለ። አንዲት እናት ደግሞ «ኮከቡንስ ያዘዘው ማን ነው?» ብለው መለሱ። በየቤታችን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፣ ሁሉም አሸነፍኩ ብሎ ይነሳል። እዚህ ግን አወያዩ ሁለቱንም አስቆማቸውና ሁለት ጥያቄ እንዳለ አሳየ። አንደኛው፦ ያ ብርሃን ለፈጣሪ መኖር ማስረጃ ይሆናል ወይ? መምጫው በሒሳብ የሚታወቅ ኮከብ ከሆነ ለብቻው ማስረጃ መሆኑ ይደክማል፤ ወጣቱ ይህን ያህል ትክክል ነው። ሁለተኛው፦ ኮከብ በ76 ዓመቱ የሚመለስበት ሥርዓት ራሱ ለምን ኖረ? ይህንን የኮከቡን መመለሻ ያሰላው ሊቅ ሃሌይ አልመለሰውም፣ ሊመልሰውም አልሞከረም። እናታችን ይህን ያህል ትክክል ናቸው። እኔ ይህንን ልዩነት በዚህ ጥራት ሲቀርብ ሰምቼ አላውቅም። እያንዳንዷን ያልገባንን ነገር «ይህማ እግዚአብሔር ነው» እያልን ስንሞላ፣ ሳይንስ አንዱን ባብራራ ቁጥር እምነታችን የተሸነፈ ይመስለናል። ሙግቱ መቆም ያለበት ሥርዓት መኖሩ ላይ ነው እንጂ ያልገባን ነገር ላይ አይደለም።

ስለ ንድፍ የነበረው ምሽት ደህና ነበር፣ ከዚያ በላይ አልልም። እንግሊዛዊው ቄስ ፔሊ እ.ኤ.አ. በ1802 ያመጣው የሰዓት ምሳሌ ተነገረ፣ ሰዓት ሠሪ እንዳለው ሁሉ ተፈጥሮም ንድፍ አውጪ አለው የሚለው፤ ዳርዊን በ1859 በሕያዋን ላይ ያለውን ንድፍ ያለ ንድፍ አውጪ እንዴት ማብራራት እንደሚቻል አሳየ። የመንዝ ልጅ የሆነ አንድ ሰው የጓሳውን ጭላዳ አነሳ፤ ጣቶቹ ሣር ለመንቀል ምን ያህል እንደተመቹ ሲናገር ፊቱ ይበራ ነበር። ግን ጭላዳው ለፔሊ ሳይሆን ለዳርዊን ይመሰክራል፣ ሰውዬውም ራሱ ይህንን ተናገረ። አሁን ያሉት አማኝ ፈላስፎች የሚይዙት ሌላ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግጋት ቋሚ ቁጥሮች በጣም ጥቂት ቢለዩ ሕይወት የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር ይላሉ። ተቃዋሚዎች ዓለማት ብዙ ከሆኑ አንዱ እንዲህ መሆኑ አይደንቅም ይላሉ። ለዚህ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነበር።

የመነኩሴው የአንሰልም ሙግት የቀረበበት ምሽት ግን አልተሳካም። እ.ኤ.አ. ከ1077 እስከ 1078 ባለው ጊዜ የጻፈው ነው፤ «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» ከሚለው የመዝሙር ቃል ይነሳና፣ ከእሱ የሚበልጥ ሊታሰብ የማይችል ነገር በሐሳብ ብቻ ሊኖር አይችልም፣ በእውን ካለው ያንሳልና ይላል። ጋውኒሎ የተባለው መነኩሴ እንዲህ ከሆነ ከሁሉም የምትበልጥ ደሴትም መኖር አለባት ብሎ መለሰለት። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1781 መኖር በአንድ ነገር ባሕርይ ላይ የሚጨመር ባሕርይ አይደለም አለ። እኔ ካንትን እከተላለሁ። ቤቱ ይህንን በወረቀት አባዝቶ ቢሰጥ ጥሩ ነበር፤ በጆሮ ብቻ ሰምቶ የሚይዘው ሰው የለም፣ ግማሹ ሰው ስልኩን ማየት ጀመረ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ይህ ቤት ስለ መከራ ያደረገው ምሽት ጥሩ አልነበረም፣ ማስተካከልም አለባቸው።

ሙግቱ የታወቀ ነው። ፈጣሪ ሁሉን ቻይ ነው፣ ፍጹም መልካምም ነው፣ መከራ ግን አለ። ፈላስፋው ማኪ እ.ኤ.አ. በ1955 ሦስቱ አብረው አይሄዱም አለ። አማኙ ፈላስፋ ፕላንቲንጋ በ1974 ነፃ ፈቃድ ያላቸው ፍጡራን በፍጹም እንዳይበድሉ አድርጎ መፍጠር ለሁሉን ቻይም ላይቻል ይችላል ብሎ መለሰ፣ ብዙ ፈላስፎችም በዚያ መልክ የቀረበው ሙግት ተመልሷል ይላሉ። አወያዩ ይህንን በጥሩ ሁኔታ አስረዳ። ነፃ ፈቃድ ግን የሰውን ክፋት እንጂ የምድርን መንቀጥቀጥ አያስረዳም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1755 ሊዝበን ስትናወጥ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር፣ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር፣ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ በኩል ምድር ስትንቀጠቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፣ ስለዚህ ይህ ለእኛም የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ፈላስፋው ሮው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ጥያቄውን አጠበበው፤ ጫካ ሲቃጠል ማንም ሳያያት ቀናት ተሠቃይታ የምትሞት የሚዳቋ ግልገል ሥቃይዋ ለየትኛው መልካም ነገር ይጠቅማል አለ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ አይመጣም። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ሲደርስ፣ ከየቦታው የተፈናቀለው ሰው የመጣው እዚህ ነው። ከእነሱ አንዷ የዚያን ማታ መጥተው ነበር። እጃቸውን አንሥተው «እኔ አምላክ የለም አልልም። ግን ልጄ የሞተው ለየትኛው ጥቅም እንደሆነ የሚነግረኝ ካለ ልስማ» አሉ። ይህ የሮው ሙግት ነው፣ ያውም ከሮው በጠነከረ ሁኔታ የቀረበ። አወያዩ ሦስት ደቂቃ አልቋል አለና ለሚቀጥለው ሰው ዕድል ሰጠ። የቤቱን ሕግ እንኳ አላከበረም፤ ያሉትን መልሶ አልተናገረላቸውም። የኔታ ናቸው ተነሥተው «እትዬ፣ እርስዎ ያሉት ይህ ነው?» ብለው መልሰው የተናገሩላቸው። ከዚያም ኢዮብን አነሡ። «ምድርን በመሠረትሁ ጊዜ አንተ ወዴት ነበርህ?» የሚለውን። ምክንያቱን አለማየታችን ምክንያት አለመኖሩን አያሳይም፣ ይህ የአማኙ መልስ ነው አሉ፤ ቀጥለው ግን ኢዮብን የተቆጡት ወዳጆቹ ናቸው፣ ፈጣሪ ግን በመጨረሻ ትክክል አልተናገራችሁም ያለው ወዳጆቹን ነው እንጂ የጠየቀውን ኢዮብን አይደለም ብለው ተቀመጡ። እትዬም አመስግነው መልሱ እንዳልበቃቸው ተናገሩ። በአማኝነቴ እኔም አልበቃኝም። መከራ በእግዚአብሔር መኖር ላይ ከሚቀርቡት ሁሉ የከበደው ሙግት ነው፣ በአንድ ማታ፣ በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም። ለአወያዩ ነግሬዋለሁ፤ ቢያንስ ሁለት ምሽት ይሰጠው፣ የደቂቃ ገደቡም ይነሳ። «አስብበታለሁ» ብሎኛል።

ስለ ፈጣሪ መሰወር የነበረው ምሽት ለእኔ አዲስ ነበር። ፈላስፋው ሼለንበርግ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው ነው። የሚወድ አምላክ ካለ፣ በቅንነት የሚፈልገው ሰው ሳያገኘው አይቀርም ነበር፤ ነገር ግን ፈልገው ያላገኙ ቅን ሰዎች አሉ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «እኔ ጾሜ፣ ጸልዬ፣ ምንም አልተሰማኝም፣ ትዕቢተኛ ነሽ አትበሉኝ» አለች። ማንም አላላትም። ለዚህ ብቻ እንኳ ቤቱ ምስጋና ይገባዋል። የፓስካል ውርርድም በዚያው ተነሳ፣ ፈጣሪ ካለ ማመን ሁሉን ያስገኛል፣ ከሌለ ብዙ አያሳጣም የሚለው፤ በምክንያት መወሰን ለማይችል ሰው የቀረበ እንጂ ማስረጃ አይደለም ተባለ። የትኛውን እምነት ነው የምወራረደው የሚለው ተቃውሞ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት አንድ አግዳሚ ላይ በተቀመጡበት ቤት ውስጥ ሲነሳ ክብደቱ ይሰማል።

ስለ ቤቱ ደግሞ። የጦስኝ ሻያቸው በጣም ጥሩ ነው፣ ቡናው መካከለኛ ነው። አምባሻው ከ12 ሰዓት በኋላ አይገኝም። አግዳሚዎቹ መደገፊያ የላቸውም፣ ወገብ የሚያመው ሰው ቀድሞ መጥቶ ግድግዳ ጋ ይቀመጥ። ብርዱን የምታውቁት ነው፣ በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ። ከሰል ማንደጃ ያስገባሉ፣ ግን መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል፤ ይህ አደገኛ ስለሆነ አንዱን መስኮት ክፍት ተዉት ብያለሁ፣ እናንተም ስትሄዱ በሉ። መብራት ሲጠፋ ሻማ ያበራሉ፣ ውይይቱ አይቋረጥም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ባጃጅ ማግኘት ስለሚያስቸግር የስልክ ደንበኛ ያለው ሰው ቀድሞ ይደውል።

ለማን አልመክርም? አንድ ማታ ሄዶ እምነቱ ተረጋግጦለት ወይም ፈርሶለት መውጣት ለሚፈልግ ሰው። እንዲህ ያለ ነገር እዚያ የለም። ልጅ ይዞ መምጣት ይቻላል፣ ባለቤቷ ለልጅ አያስከፍሉም፣ ከ15 ዓመት በላይ ያሉት ቢመጡ ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ ቤታቸው ጥያቄ ጠይቀው ቁጣ የደረሰባቸው ልጆች።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ርዕስ ተአምር ነው፤ ሂዩም በተአምር ላይ ከሰዎች ምስክርነት ይልቅ የተፈጥሮ ሥርዓት ይመዝናል ያለው ይቀርባል፣ የኔታ ደግሞ ከገድላት አንጻር ይመልሳሉ። ከ10:30 በፊት ድረሱ፣ ያለዚያ ቆማችሁ ነው የምትሰሙት።